የጓዳ ጥያቄዎቻችሁ፦ የሻገተ በርበሬ፣ የሕፃን ማር እና በሃይላንድ የተቀመጠ በረኪና

ሰላም የጅማ ሰዎች፣ በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። በዚህ ዙር የመጡልኝን ጥያቄዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት፣ ከሱቅ የሚገዛውን ማመን አቅቶን ሁሉንም ቤት መስራት ጀምረናል፣ የጽዳት ዕቃውንም ትተን ወደ ተፈጥሮው እየተመለስን ነው፣ ልክ ነን ወይ? ነው የምትሉኝ። ልክ ናችሁ፣ እኔም ቤቴ የማደርገው እሱኑ ነው። ግን የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ፣ "ቤት የተሰራ ነው" ወይ "ተፈጥሮ ነው" ከተባለ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም፣ በቃ ያልፋል። ቤት ተሰርቶ ጉበት የሚጎዳ ምግብ አለ፣ ከጓሮ ተቀጥፎ የሚመርዝ ቅጠልም አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ላይ መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

"እሳት የማይገድለው የለም ትላለች እናቴ"

እህቴ እንደምን ከረምሽ። ዘንድሮ የሱቅ በርበሬ በቃኝ ብዬ 10 ኪሎ ዛላ ገዝቼ ሚያዝያ ላይ አሰጣሁት። ያው የኛን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ጠዋት ፀሐይ ነው ብዬ ሥራ ሄጄ ስመለስ ርሶ ነው ያገኘሁት፣ ሦስት ቀን እንደዛ ሆነና ሲመረኝ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ በተንኩት። አሁን አንዳንዱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አይቻለሁ። እናቴ በጨርቅ ጠርገሽ ምጣድ ላይ አመስ አድርጊውና አስፈጪው፣ እሳት የማይገድለው የለም ትላለች። ብሩም አንጀቴን በላው። ምን ላድርግ?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከመንደራ ኮቺ

እህቴ፣ እናትሽን ፈጣሪ ያቆይልሽ፣ በሌላው ሁሉ ስሚያቸው፣ በዚህ በአንዱ ግን አይሆንም። እሳቱ ሻጋታውን ይገድለዋል፣ እሱ እውነት ነው። ችግሩ ሻጋታው በሕይወት እያለ በርበሬው ውስጥ የሚተወው መርዝ ነው፣ አፍላቶክሲን ይባላል፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ የምጣድም የድስትም ሙቀት አይበግረውም። መጥረግም ማጠብም አያወጣውም። ደግሞ በልቶ ያን ቀን የሚያም ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንጠነቀቅ ነበር፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ በዓመታት ውስጥ ነው ጉበት የሚጎዳው፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ለውዝና በቆሎም እንደዚሁ ናቸው፣ እርጥበት ካገኛቸው ይሄው ሻጋታ ይይዛቸዋል።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውን እንዲህ አድርጊው። ውጪ በደንብ ብርሃን ያለበት ቦታ ቁጭ በይና ዛላውን አንድ በአንድ አንሺ። ከላይ የሚታየው አያታልልሽ፣ ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጨውንም ከእንብርቱ ይዘሽ በቁመቱ ቅደጂው። ጤነኛ ከሆነ ውስጡ ብርቱካንማ ነው፣ ፍሬው ቢጫ ነው፣ ነቅነቅ ስታደርጊው ኮሽ ኮሽ ይላል። የተበላሸው ስትከፍቺው ፍሬው ጠቁሮ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ግድግዳው ላይ ግራጫ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር አለ፣ አንዳንዴም አቧራ ቡን ይልብሻል፣ ያኔ አፍና አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍኚ። እንደዛ የሆነውን ዛላ ግማሹን ቆርጬ ግማሹን ላትርፍ አትበይ፣ ሙሉውን ጣይው። ስትለዪ ስትለዪ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከተበላሸ ደግሞ ቀሪውንም አትመኚው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የከረመው። አውቃለሁ፣ 10 ኪሎ በርበሬ ዛሬ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ስጽፈው ያመኛል፣ ግን ያ በርበሬ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሦስት ልጆች ወጥ ውስጥ ነው የሚገባው። የጣልሽውን ለዶሮም ለላምም አትስጪ፣ ላሟ ከበላችው መርዙ በወተቷ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ነው።

ለከርሞ፣ እባካችሁ ይሄን ሁላችሁም ስሙኝ፣ በርበሬ የምታዘጋጁ የጅማ ሴቶች ከአዲስ አበባ ወይ ከናዝሬት ዘመድ ጋር አብራችሁ አትቁጠሩ። የኛ አገር ዝናብ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከመጋቢት ጀምሮ ሰማዩን ማመን አይቻልም። በርበሬ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቅ። መሬት ላይ አይሰጣ፣ ሸራ ላይም ቢሆን ከስር ወበቅ ይይዛል፣ ከቀርከሃ ወይ ከወንፊት ሽቦ ቆጥ ነገር አሰርታችሁ ከስሩ አየር እንዲያልፍ አድርጉ፣ አንዱ ዛላ ሌላው ላይ ሳይደራረብ። ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ጤዛ ሳይነካው ይግባ። ደረቀ የሚባለው ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው፣ ከተለመጠ ገና ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዛ በኋላ ነው። ዛላው ደርቆ ይቆይና ለድለዛ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ እርጥብ በሶብላውና ጤና አዳሙ ተወቅጦ ሲገባበት እንደገና ይረጥባል፣ ያንን ድልዝ እንደገና እንደ መጀመሪያው አጥብቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። ፀሐይ የማታምኑበት ወቅት ከሆነ ዝንጅብሉንም ነጭ ሽንኩርቱንም ለየብቻ በስሱ ከትፋችሁ አድርቁና በደረቁ ጨምሩት፣ መዓዛው ትንሽ ቢቀንስ ነው። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዙት፣ እዚሁ ደጃችን ከሊሙም ከካፋም የሚመጣ ኮረሪማ እያለ የተፈጨ መግዛት በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ወፍጮ ቤት ስትደርሱ ከፊታችሁ ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ሁለት እፍኝ ለብቻ አስወጡት። ቤት ስትገቡ ደግሞ ትኩሱን እንዳትከድኑት፣ በደንብ ይብረድ። ማንኪያውም ደረቅ ይሁን። እና አንቺ እህቴ በሚቀጥለው 10 ኪሎ አትጀምሪ፣ 3 ኪሎ በቂሽ ነው።

የማፍጠሪያ ቀሪቦና የሳምቡሳ ዘይት

አሰላሙ አለይኩም እታለም፣ ረመዳን ሲመጣ ቤታችን ቀሪቦና ሳምቡሳ አይጠፋም፣ ልጆቼ ደግሞ ቀሪቦውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት። ለስላሳ ከልክዬ ቀሪቦ ይሻላል ብዬ ነበር፣ ገብስ ነው፣ ቤት የተሰራ ነው ብዬ። ባለቤቴ ግን ስኳሩን ሲያይ ይሄ ከለስላሳ በምን ይለያል አለኝ። የሳምቡሳውን ዘይትስ ስንት ቀን ብጠቀምበት ነው ደህና?
ከጅሬን

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ባለቤትሽ እውነቱን ነው። ቀሪቦ መሰረቱ በጣም ጥሩ ነው፣ ገብሱን ጥቁር ቡኒ እስኪሆን መቁላት፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ማንተክተክ፣ ማጥለል፣ ማቀዝቀዝ፣ እርሾና ስኳር ጨምሮ ማሳደር፣ እስከዚህ ድረስ ምን ወጣለት። የሚያበላሸው ጠዋት ተነስተን ደግመን የምናፈስበት ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ወደ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ የተጨመረ ስኳር ቢበዛ ይመረጣል ነው የሚለው፣ አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ብቻውን 30 ግራም ያልፋል። እና አንቺም ድስቱ ውስጥ የምታስገቢውን ስኳር በሚወጣው ብርጭቆ አካፍለሽ ቁጠሪው፣ ቁጥሩን ስታዪው ራስሽ ትቀንሻለሽ። እኔ ቤት ማሳደሪያው ላይ የሚገባው ለእርሾው ስለሚያስፈልግ አልነካውም፣ የጠዋቱን ነው በግማሽ የቀነስኩት፣ በምትኩ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ከገብሱ ጋር አብሬ አፈላለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ልጆቹ አኩርፈው ነበር፣ ከዛ ለመዱት። ቢበዛ በሁለት ቀን ይለቅ፣ በቆየ ቁጥር እርሾው መስራቱን ስለማያቆም የአልኮል መጠኑም ከፍ ይላል፣ ይሄ ለናንተ ቤት ደግሞ ሌላም ጉዳይ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በተምርና በውሃ ያፍጥሩ፣ ጥማቸውን በውሃ ይቁረጡ፣ ቀሪቦው ከዛ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ ይምጣ።

ዘይቱን በቀን ቆጥሬ ልነግርሽ አልችልም፣ ዓይንሽና አፍንጫሽ ናቸው የሚነግሩሽ። ከጠቆረ፣ ሳይፈላ መጨስ ከጀመረ፣ አረፋ ከያዘና አልጠፋም ካለ፣ ወይ ከወፈረ አልቋል፣ ድፊው። ከተጠበሰ በኋላ ሲበርድ በጨርቅ አጥልለሽ ጨለማ ቦታ ካስቀመጥሽው አንድ ሁለቴ ይሰራል። አዲስ ዘይት በአሮጌው ላይ መጨመር አሮጌውን አያድሰውም፣ አዲሱንም ነው የሚያበላሸው። የሚረጋውን ዘይት በተመለከተ፣ ፓልም ዘይት ነው፣ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። አቅም ከፈቀደ የኑግ ወይ የሱፍ ዘይት ይሻላል። ካልፈቀደ ግን ራስሽን አታስጨንቂ፣ ያንኑ ዘይት ቀንሺው። ሳምቡሳውን በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሳምንት ሁለት ቀን ብታደርጊውና ሌላውን ቀን በአጃ ሾርባና በተቀቀለ ጎደሬ ብታሳልፊው ከዘይት መቀየር በላይ ይጠቅማል። ጎደሬውን ብቻ በደንብ አብስይው፣ ሳይበስል ጉሮሮ ያሳክካል።

"አማቴን እንዴት ብዬ እምቢ ልበላቸው?"

ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ሆኜ የጓዳ ጥያቄ መጠየቄ እንዳይገርምሽ፣ ልጄ 7 ወሩ ነው። አማቴ ከገራ ንጹህ ነጭ ማር ይዘው መጥተው በየቀኑ በጣታቸው ያልሱታል፣ ደረቱን ያጠነክርለታል ይላሉ። ሚስቴ አትደፍራቸውም። ደግሞ 14 ዓይነት እህል የገባበት ምጥን አስፈጭተውለታል። ልጁ ገንፎውን ሁለት ጉርሻ ይበላና ይተፋዋል። ስህተት አለው?
ከአጋሮ

ወንድሜ፣ ምንም አይገርመኝም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ቶሎ መልስ የሚያስፈልገው ማሩ ነውና ከሱ ልጀምር፦ ዛሬውኑ ይቁም። የገራ ማር በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች አንዱ ነው ብዬ የምምል ሰው ነኝ፣ ነገሩ የማሩ ንጹሕነት ወይ ቆሻሻነት አይደለም። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ የትም አገር ማር ውስጥ። አንተና እኔ ስንበላው አንጀታችን ያሸንፈዋል፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ግን ገና ስለሆነ ዘሩ እዛው ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። ገንፎ ውስጥ ከቶ ማፍላትም አይገድለውም፣ በቤት እሳት የሚሞት ዘር አይደለም። ደጋግሞ ባይከሰትም ሲከሰት ትንፋሽ እስከ ማቆም ያደርሳል። ልጁ ሰገራ ከደረቀበት፣ ለቅሶው ከደከመ፣ አንገቱን መያዝ ካቃተው፣ ጡት መሳብ ከሰነፈ ነገ ሳትል ሆስፒታል ውሰደው፣ ማር እንደላሰም ንገራቸው።

አማትህን በተመለከተ ክርክር ውስጥ አትግባ። በሚቀጥለው የክትባት ቀን እሳቸውን ይዘሃቸው ሂድ፣ ሚስትህ ለነርሷ ትጠይቅ፣ መልሱን ከነርሷ አፍ ይስሙት። ማሩን ደግሞ በዓይናቸው ፊት በጥሩ ዕቃ አስቀምጥና "እማማ፣ ዓመቱ ሲሞላ የመጀመሪያውን እርስዎ ነዎት የሚያቀምሱት" በላቸው። እኔ የማውቃት አንዲት አያት በዚህ መንገድ ነው የተስማማችው፣ ማሩን ቆልፋ ልደቱን ስትቆጥር ነበር። ማር እኮ አይበላሽም፣ ይጠብቃል።

ምጥኑ ደግሞ፣ ብዛት ጥንካሬ አይደለም። 14 ዓይነት ሲሆን የየትኛው ድርሻ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፣ አንዱ ባይስማማው እንኳ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። 3 እጅ እህል፣ 1 እጅ ጥራጥሬ፣ በቃ። ለምሳሌ 2 ኩባያ ገብስ ወይ አጃ፣ 1 ኩባያ ጤፍ ወይ በቆሎ፣ 1 ኩባያ ሽምብራ ወይ ባቄላ። ጥራጥሬው አንድ ሌሊት ይዘፈዘፍ፣ ይከካ፣ ቅርፊቱ ይውጣ፣ ደርቆ ይቆላ፣ ይሄ ሳይደረግ ሲቀር ነው ሕፃኑ ሆዱ የሚነፋው። ለውዝ ከተጨመረ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ የጠቆረና የተጨማደደ ፍሬ ሳይኖርበት፣ ከላይ ስለ በርበሬ የጻፍኩትን አንብበው። በአንድ ጊዜ የአንድ ወር ብቻ አስፈጩ።

ገንፎው ላይ ከዱቄቱ በላይ የሚጠቅመው የምትጨምርበት ነው። በደንብ የበሰለ እንቁላል ፈጭ፣ ጎመን ቀቅለህ ድቀቅ አድርገህ ጨምር፣ ካሮት፣ ዱባ። አቮካዶ ደግሞ አጋሮ ላይ እያለህ ምን ትፈልጋለህ፣ በማንኪያ ጨፍልቀህ መስጠት ነው። ስኳርም ጨውም አያስፈልገውም። ውፍረቱ ማንኪያውን ስታዘነብለው የማይፈስ ይሁን፣ በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ፣ ጡቱ ሳይቋረጥ። የሚተፋው ምናልባት ጠግቦ ወይ ገና እየለመደ ነው፣ በግድ አታጉርሱት፣ ልጅ አዲስ ምግብ ለመውደድ ስምንት አስር ጊዜ መቅመስ ሊፈልግ ይችላል። የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ዓመት እስኪሞላው ይቆይ፣ ከዛ በኋላም ሳይፈላ አይቅመሰው።

በረኪና፣ አቼቶ እና እንዶድ

እህታለም፣ ልጄ አስም ስላለባት ቤቴን ከኬሚካል ነጻ ላደርግ ወስኛለሁ። ጎረቤቴ በረኪና ላይ አቼቶ ብትጨምሪበት ሽንት ቤቱን እንደ አዲስ ያደርገዋል፣ አቼቶ ተፈጥሮ ነው አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ እንዶድ ፈጭተሽ ለሁሉም ተጠቀሚበት፣ ለልብስም ለገላም ትላለች። እውነት ነው?
ከቦሳ ቂጦ

የመጀመሪያውን እንዳታደርጊው፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ። በረኪና ከአቼቶ ጋር፣ ከሎሚ ጋር፣ ወይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። በጠባብ የኛ ሽንት ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ ጤነኛ ሰውም ያፍናል፣ አስም ያለባትን ልጅ አስቢው። በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አይደባለቅም፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሙቅ ውሃ ኃይሉን ያጠፋዋል። በየቀኑ ደግሞ አያስፈልግሽም። ወለሉን፣ ዕቃውን፣ ጠረጴዛውን ሳሙናና ውሃ በደንብ ያጸዳዋል። በረኪና የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይ ትውከት ሲኖር፣ ሽንት ቤት ላይ፣ እሱም መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ተለቅልቆ ከዛ በኋላ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጅቷ ጎረቤት ሄዳ።

አሁን ስለ በረኪና ካነሳሽ አይቀር የራሴን ልንገርሽ። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ውጪ ኳስ ሲጫወት ውሎ ላብ በላብ ሆኖ ገባና ከዕቃ ማጠቢያው ስር ሃይላንድ አየ፣ ውሃ መሰለው። ከሰፈር ሱቅ በሃይላንድ የተቀዳ በረኪና ነበር፣ የውሃው ወረቀት እንኳ ከላዩ አልተነሳም። አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጎ ጮኸ። እናቴ ወተት ይዛ መጣች፣ እኔ ደግሞ ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ላስገባ ስል ጎረቤታችን እጄን ያዘችኝ፣ ጤና ባለሙያ ነበረች፣ "ሲወርድ አቃጥሎታል፣ ሲመለስ ደግሞ ሊያቃጥለው ነው?" አለችኝ። አላስታወክነውም፣ አፉን በውሃ አጥበን ከነሃይላንዱ ይዘነው ሮጥን። ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህም ተመስገንም አልን ሁላችንም በየእምነታችን፣ ግን አፉ ውስጥ ያለው ቁስል እስኪድን ገንፎ እንኳ ቀዝቅዞ ነበር የምንሰጠው። ከዛ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት በረኪናም ሆነ ነጭ ጋዝ በሃይላንድ አይገባም። ባለ ፋብሪካ ጠርሙሱን ከነጽሑፉ ግዙ፣ እጅ በማይደርስበት ላይ ይቀመጥ። በሃይላንድ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ቤት ስትገቡ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ቀይ ኤክስ አድርጉ፣ ሳሎንም ማጀትም ወለል ላይ አይቀመጥ።

ወደ እንዶድ ስንመጣ፣ እንዶድን እወደዋለሁ፣ አያቴ ነጠላዋን በሱ ነበር የምታጥበው፣ እንደዛ የነጣ ጋቢ በኦሞ አላየሁም። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግን እንዶድ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ የሚያሳየው የኛው ሳይንቲስት የዶ/ር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማለት ነው። ከዛ ተነስተው እንዶድ በሽታውን ለመቆጣጠር እንደሚያገለግል አሳዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እና ቀንድ አውጣ የሚገድል፣ ዓሣም የሚገድል ነገር ገላ ላይ ለዛውም አስም ላለባት ልጅ? አይሆንም። ለነጭ ጥጥ ልብስ ተጠቀሚበት፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቂው፣ ዓይን አይንካ፣ ሲፈጭ ዱቄቱ እንዳይተነፈስ ልጅቷ አጠገብ አትሁን፣ ማንም በአፉ እንዳያደርገው፣ በተለይ እርጉዝ ሴት። እጣቢውን አዌቱ ወንዝ ውስጥ አትድፊው፣ አፈር ላይ ይፍሰስ።

አቼቶውን ግን ለብቻው ተጠቀሚበት፣ እኩል ከውሃ ጋር ቀላቅሎ መስታወት ለመወልወል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ለማስለቀቅ ይጠቅማል። የከሰለ ድስት ላይ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሶ አሳድሮ መፈተግ። ለእንስራና ለወተት ዕቃ የግራዋ ቅጠል የሚወዳደረው የለም፣ ከዛ በወይራ ማጠን። ጀበና በሳሙና አይታጠብ፣ ሸክላ ስለሆነ ሳሙናውን ይጠጣና በቡናው ይመልስልሻል፣ የፈላ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ሰላጣና ቲማቲምን በተመለከተ ደግሞ አቼቶም ሎሚም የወስፋት እንቁላል አይገድሉም፣ በንጹህ በሚፈስ ውሃ ቅጠል በቅጠል በጣት ማሸት ነው፣ ከየት እንደመጣ ካላወቅሽው ቀቅይው።

አጭር አጭሩን

የሽቶ ስፕሬይ ትቼ ዕጣን ብቻ ባጨስ ለልጆቹ ይሻላል? (ከጊንጆ)

ጭስ ጭስ ነው፣ የዕጣንም ቢሆን ሳንባ አይለየውም። ለቡና ሥነ ሥርዓቱ ትንሽ ጨምሩ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ የሚያስለው ልጅ ካለ ውጪ ይጨስ። የከሰል ምድጃው ግን መኝታ ቤት እንዳያድር፣ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ የቀረ ቤተሰብ ስንቱ ነው። ቤት እንዲሸት ከፈለጋችሁ ጠጅ ሳር ቆርጣችሁ በውሃ አፍሉት፣ ለሻይም ይሆናል።

አዮዲን ያለው ጨው ኬሚካል ተጨምሮበት ነው፣ ተፈጥሮአዊውን ደረቅ ጨው ነው የምገዛው፣ አጥቤም አሰጣዋለሁ። (ከቦሳ አዲስ)

እህቴ፣ እባክሽ ተመለሺ። እንቅርት በአገራችን ስንት ሰው አንገት ላይ እንደነበር ትልልቆቹን ጠይቂ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው ለዚህ ነው፣ በተለይ እርጉዝ ሴት አዮዲን ካነሳት የልጁ አእምሮ ነው የሚጎዳው። ስታጥቢውና ፀሐይ ላይ ስታሰጪው አዮዲኑ ይሄዳል። የታሸገውን ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቀሽ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ። መጠኑ ግን ያው ነው፣ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

ሐኪም ደም አንሶሻል ብሎኝ ጤፍና ምስር እየበላሁ ነው፣ ግን አልተሻለኝም። (ተማሪ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ)

መድኃኒት ታዞልሽ ከሆነ አታቋርጪ፣ ተመልሰሽም ታዪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቡናውን መቼ ነው የምትጠጪው? ጅማ ላይ መሶቡ ሳይነሳ ነው ጀበናው የሚቀርበው። ቡናም ሻይም ከምግቡ ጋር ሲገናኙ ከጤፍና ከምስር የምታገኚውን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያግዱታል። ቡናሽን አልከለክልሽም፣ ከምሳ በፊት ወይ ከበላሽ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አድርጊው፣ ምስሩ ላይ ደግሞ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት ወይ ከላዩ ብርቱካን ብዪ፣ ብረቱን ያስገባልሻል። የወር አበባ ደም የሚበዛብሽ ከሆነም ለሐኪሙ ሳታፍሪ ንገሪው።